ሁለት ሰፊ፣ አንድ ጠባብ

ሬሳው የተገኘው ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ዱባይ ተራ፣ የእትዬ ቦሰና ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ነው። ተገኘ ይባል እንጂ የሚታየው ሁለት የተወለወለ ቡናማ ጫማና ሰዓት ያሰረ አንድ እጅ ብቻ ነበር። የሕንፃውን ካሜራና ኢንተርኔት የዘረጋው የኢንጂነር ኃይለየሱስ የቀረው አካል ከጥቁር የብረት ካቢኔት ሥር ተደፍጥጦ ቀርቷል።

ካቢኔቱ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ሣጥን ነው። የሕንፃው የካሜራ መቅጃ፣ የኢንተርኔቱ ማሽን፣ መብራት በፈረቃ ሲጠፋ ሁሉንም የሚሸከሙት ስምንት ትላልቅ ባትሪዎች፣ ሁሉም በየመሳቢያቸው እዚያ ውስጥ ተደርድረው ይኖራሉ። ያ ሁሉ ጓዝ ነው በግንባሩ ተደፍቶ ሰውዬው ላይ የተጫነው።

ደረጃው ላይ የሱቅ ሰዎች ታጭቀዋል። መርካቶ ሬሳ ሲያይም ገበያ ነው።

«ከዱባይ ያስመጣሁት ነው እያለ ሲጎርር አልነበር?» አለ አንዱ።

«አዎ፤ የሬሳ ሣጥን መሆኑን ብቻ ሳይነግሩት ሸጡለት» አለ ሌላው። ሳቁ ደረጃውን ይዞ እስከ ታች ወረደ።

ኢንስፔክተር አሸብር አልሳቀም፤ አልተቆጣምም። አሥራ ስምንት ዓመት ፖሊስ ሆኖ ኖሯል። ሦስት ጊዜ ለማዕረግ ታጭቶ፣ ሦስቴም «ወረቀት የለህም» ተብሎ ተመልሷል። ሦስቱንም ማዕረግ የወሰዱት እሱ ራሱ ሬሳ አያያዝ ያስተማራቸው ዲግሪ የጫኑ ልጆች ናቸው። ታዲያ «ኢንጂነር» የሚል ቃል ከሬሳ ፊት ተቀጥሎ ሲሰማ ውስጥ ውስጡን ቀለል አለው።

ስምንት ተሸካሚዎች ተጠርተው ካቢኔቱን አቆሙት። ከሥር የወጣውን ያየ ሰው ሁሉ መሳቁን ተወ።

አሸብር ካቢኔቱን ከእግር እስከ ራሱ አየው። ላይኛው መሳቢያ እስከ ጫፉ ተስቦ ወጥቷል፤ ስምንቱ ባትሪ ያለው እዚያ ላይ ነው። ታችኛው ላይ ያለችው የካሜራ መቅጃ ብቻ ናት፤ እሷን ሰው በአንድ እጁ ያነሳታል።

«ባትሪ ላይ መሆኑ ደንብ ነው?» ሲል ጠየቀ።

ጥግ ላይ የመሣሪያ ቦርሳ ያንጠለጠለ፣ አርባውን የተሻገረ ቀጭን ሰው ቆሟል። ደምመላሽ ይባላል፤ የሟቹ ሠራተኛ ነው።

«አይደለም» አለ ቀስ ብሎ። «ከባድ ታች ነው የሚሆነው፣ ቀላሉ ላይ። ባትሪ ላይ ከሰቀሉ፣ መሳቢያውን የሳቡት ዕለት ሣጥኑ ይዞዎት ይመጣል።»

«እሱ ይህን አያውቅም ነበር?»

«ያውቃል። ግን የላይኛው መሳቢያ ፊት ላይ ያለውን ሽፋን ይመልከቱ፤ የመቅጃው ሽፋን ነው። መቅጃዋ ሁልጊዜ ላይ ነበረች። መቅጃ የሚስብ መስሎት ባትሪ ሳበ።»

እትዬ ቦሰና ከኋላ ሰው እየገፉ መጡ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረዋል፤ የሕንፃው ባለቤት ናቸው፤ ሬሳም ቢሆን ያለሳቸው ፈቃድ የሚተኛበት ቦታ አይደለም።

«እትዬ፣ ባትሪውን ከፍ አድርጉ ያሉት እርስዎ ነዎት የሚሉ አሉ» አላቸው አሸብር።

«ማነው ያለው? ምላሱ ይጎልጎልና! ባለፈው ሳምንት ያ የማይረባ ዝናብ ገብቶ ባትሪዬን ሊያጠጣው ነበር። ከመሬት አንድ ስንዝር አንሱልኝ አልኩ። ሰማይ ላይ ስቀሉልኝ አልኩ እንዴ?»

«ለማን ነው ያሉት?»

«ለኢንጂነሩ ነዋ! ይሄ ተሸካሚውም ቆሞ ይሰማ ነበር።»

«ተሸካሚው ማነው?»

በአገጫቸው ወደ ደምመላሽ ጠቆሙ። «እሱ። ኢንጂነሩ ሲያስተዋውቀኝ ‹ተሸካሚዬ ነው› ነው ያለኝ። ምነው፣ ተሳሳትኩ?»

ደምመላሽ የቦርሳውን ማንገቻ አስተካከለ።

አሸብር ከካቢኔቱ ጀርባ ዞረ። ካቢኔቱን ከግድግዳው ጋር የሚይዙት ሁለት ቡሎኖች የሉም። ተገንጥለው ቢሆን ግድግዳው ይቦደስ ነበር፤ ቀዳዳዎቹ ግን ንጹሕ ናቸው። ጎንበስ ብሎ ከሥር አየ። ሣጥኑ ወደፊት እንዳይደፋ የሚዘረጉት ሁለት እግሮች ወደ ውስጥ ተገፍተዋል።

«አደጋ አይደለም» አለ ለሳጅን በፍቃዱ። «ፈትተው ነው የጠበቁት።»

በፍቃዱ ትከሻው ሰፊ፣ ማሰቡን ለሌላ የተወ ሰው ነው። «ታዲያ ማንን ልያዝልህ?» አለ።

መልሱን የሰጡት የሕንፃው ጥበቃ ጋሽ ኃይሌ ናቸው። የክፍሉ ቁልፍ ከሳቸው ጎጆ ምስማር ላይ ተሰቅሎ ነው የሚውል፤ የፈለገ ያነሳዋል። ዛሬ ጠዋት ግን ካሜራው ጠፍቶ ኢንጂነሩ ሊሠራው ከወረደ በኋላ አንድ ሰው እየጮኸ መጥቶ ነበር። «ወርቁ ነው፣ የምናለሽ ተራው ብረት ሠሪ። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ‹ያ ኢንጂነር አለ?› ብሎ ጮኾ ወደ ታች ወረደ፤ ወዲያው ተመልሶ ወጣ። ሐሙስ ዕለትም ዝቶበታል፤ ምናለሽ ተራ ያልሰማ የለም።»

አምስት ሰዓት ሳይሞላ ወርቁ ካቴና ገባለት።

ጣቢያው ውስጥ ወርቁ ጠረጴዛው ላይ ሁለት እጆቹን ዘርግቶ ተቀመጠ። እጆቹ ወፋፍራም ናቸው፤ የብየዳ ጠባሳ ጣቶቹ ላይ እንደ ምስር ተበትኗል።

«ሐሙስ ዕለት ምን አልከው?»

«በሣጥንህ ትቀበራለህ አልኩት ጌታዬ። ንዴት ነው። አፌ ነው።»

«ምን አድርጎህ?»

ወርቁ ከመጀመሪያው ጀመረ። ኃይለየሱስ አንድ የውጭ ካቢኔት አውሶት፣ አስመስለህ ሦስት ሥራልኝ ብሎት ነበር። አራት ወር ለፋባቸው። ላሜራውን ቆረጠ፣ በየደው፣ ቀለም ቀባው። ከዚያ ዕቃ የሚታሰርባቸውን አራት ቋሚ ብረቶች መብሳት ላይ ደረሰ።

«የውጩን ሳየው ቀዳዳው እኩል አይደለም። ሁለት ክፍተት ሰፊ፣ አንድ ጠባብ። ሁለት ሰፊ፣ አንድ ጠባብ። እስከ ላይ እንዲሁ ነው። የበሳው ሰው ሰክሮ ነበር መሰለኝ ብዬ እኔ አስተካከልኩት። እኩል እኩል አድርጌ በሳሁት።»

«ከዚያስ?»

«ሐሙስ መጣ። ያችን ጥርስ ያላትን መለኪያ ይዞ ለካው። ዕቃውን ሲያስገባ ማሰሪያ ቪቴው ቀዳዳውን ስቶ እምቢ አለ። ከዚያ ተራውን በሙሉ ጠራብኝ። ‹ኑ እዩ! ነጩ ተሳስቶ ወርቁ አረመለት!› አለ። ሳቁብኝ ጌታዬ። ሻይ አመላላሹ ሳይቀር ‹ኢንጂነር ወርቁ› እያለ ነው የሚጠራኝ። ዛሬ ጠዋት የሄድኩት ሦስቱን እንዲወስድልኝ ልለምነው ነበር። በሩን አንኳኩቼ የሚከፍት ሳጣ ተመለስኩ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ግን እውነት፣ እኩል ቢሆን ምን ይጎዳል? የኔ አያምርም?» አለ።

በፍቃዱ በጥፊ አጮለው። «ጥያቄ የምንጠይቀው እኛ ነን!»

«ትናንት እሑድ የት ነበርክ?» አለ አሸብር፣ ጥፊውን እንዳላየ።

«ሥራ ቦታዬ ተኝቼ።»

«ማን አየህ?»

«የተኛ ሰው ማን ያያል ጌታዬ?»

አሸብር ወደ ኮማንደሩ ቢሮ ተጠራ። ኮማንደሩ በዕድሜ የአሸብር ታናሽ ወንድም ይሆናል፤ ግድግዳው ላይ ኮፍያ ደፍቶ የተመረቀበት ፎቶ ተሰቅሏል።

«ነገ አራት ሰዓት ችሎት ይቀርባል። ቃሉን ሰጠ?»

«ገና ነው። ያልገባኝ ነገር...»

«አሸብር፣» ኮማንደሩ ብዕሩን አስቀመጠ፤ «አንተ የድሮ ሰው ነህ፤ ልምድ አለህ፣ ዘዴ ግን የለህም። ዛቻ አለ፣ ቂም አለ፣ ቦታው ላይ ታይቷል። የሟቹ ቤተሰብ ደግሞ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ቤተሰብ አይደለም። እስከ ማታ የተፈረመ ቃል ጠረጴዛዬ ላይ ላግኝ። ካልሆነ ፋይሉን ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ፤ አንተም መዝገብ ቤት ትረዳለህ።»

አሸብር ወጣ። ኮሪደሩ ላይ በፍቃዱ እጅጌውን ሰብስቦ ይጠብቀዋል።

«እኔ ምድር ቤቱን አንዴ አይቼ እስክመለስ ቃሉን ተቀብለህ ጠብቀኝ።»

«እንዴት አድርጌ?»

አሸብር መልስ አልሰጠም፤ ኮቱን ለበሰ። እዚያ ጣቢያ ውስጥ ዝምታ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም።

በሩ ላይ አንዲት ሴት ምሳ ዕቃ ታቅፋ ቆማለች፤ የወርቁ ሚስት ማሚቱ ናት። ሲያልፍ ኮቱን ያዘችው።

«ጌታዬ፣ ብታስሩትም እሰሩት። ብትሰድቡትም ስደቡት፣ ለምዶታል። እጁን ብቻ አደራ! ቤታችን በዚያ እጅ ነው የሚያድር።»

«ጥፋት ከሌለበት ምን ይሆናል?» አለና ኮቱን ከእጇ ላይ አስለቅቆ ሄደ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምድር ቤቱ ጨለማ ነበር። የዱባይ ተራ መብራት ጠፍቷል፤ የሰኞ ፈረቃ ነው። ደምመላሽ ጠዋት በታዘዘው መሠረት ባትሪውን መልሶ አገናኝቶ፣ መቅጃዋን አስነስቶ ይጠብቃል። የደሙ ቦታ ላይ አሸዋ ተነስንሷል።

«የትናንትናውን ክፈትልኝ» አለው አሸብር።

ምስሉ ከጠዋት ጀምሮ የላይ ፎቆቹን ባዶ ደረጃና ዝግ ሱቅ እያሳየ ሄደ፤ የምድር ቤቱን መግቢያ የሚያይ ካሜራ የለም። ስምንት ሰዓት ላይ ቀጥ አለ። ተመልሶ የጀመረው አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ፈረቃ ነው» አለ ደምመላሽ።

«ጋሽ ኃይሌ!» አሸብር ወደ ደረጃው ጮኸ። «ትናንት እዚህ መብራት ነበር?»

«እንዴታ!» አሉ ሽማግሌው ከላይ። «እሑድ የኛ ተራ ነው ጌታዬ። እኛ ጋ ሲበራ ሸማ ተራ ይጠፋል፣ ሸማ ተራ ሲበራ እኛ ጋ። ዘንድሮ እንዲህ ሆነናል።»

አሸብር ሲጋራ ለኮሰ። መብራት ቢጠፋ እንኳ ባትሪው የተቀመጠው ለዚያው ነው። ስለዚህ እሑድ በስምንት ሰዓት አንድ ሰው ባትሪዎቹን ነቅሏል፤ ስምንቱን አንድ በአንድ ወደ ላይ አውጥቶ፣ አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ መልሶ አገናኝቷቸዋል። ወጥመዱ የተጠመደው እሑድ ከሆነ፣ ወርቁ ሰኞ ጠዋት መጥቶ መጮሁ ለምንም አይረባም።

«አንተ ትናንት የት ዋልክ?» አለ፣ ጭሱን እያየ።

«ሸማ ተራ። አንድ ሱቅ ካሜራ ልሰቅል ግድግዳ ስበሳ ዋልኩ።»

አሸብር ራሱን ነቀነቀና ወደ ካቢኔቱ ዞረ። የላይኛውን መሳቢያ ሐዲድ በባትሪ መብራቱ አየው። ስምንት ቡሎን ታስሮበታል፤ አንዱም አልተዛነፈም። ኬብሉ በየስንዝሩ በፕላስቲክ ማሰሪያ ተይዟል፤ የማሰሪያው ትርፍ ጭራ ሁሉ ከሥሩ ተቆርጧል፤ መሬት ላይ አንድም ቁራጭ አልወደቀም። ሰው ሊገድል የመጣ ሰው ጭራ ለቅሞ ሄዷል።

«ቀዳዳው ለምን እኩል አይደለም?» አለ በድንገት።

የደምመላሽ ፊት በራ። አሥራ አንድ ዓመት ማንም ያልጠየቀው ጥያቄ ነበር።

«አዩ፣ ሁለት ሰፊ፣ አንድ ጠባብ ነው። ጠባቡ ድንበር ነው። አንዱ ዕቃ አልቆ ሌላው የሚጀምረው ጠባቡ መሐል ላይ ነው። ዓለም ሁሉ በዚህ ነው የሚሠራ፤ የየትኛውም አገር ዕቃ ቢሆን ቦታው ላይ ቁጭ ይላል። ይህን የማያውቅ ሰው አንድ ቀዳዳ አዛንፎ ይጀምራል፤ ከዚያ ቪቴው አይገባለትም። ቢገባም መሳቢያው ተንጋዶ አይሳብም። ሞኝ ሰው እኩል መሆን ነበረበት ይላል።»

«ወርቁ እንዳለው።»

«ወርቁ ምን ያውቃል? ብረት ነው የሚያውቀው።»

አሸብር የሲጋራውን አመድ አራገፈ። ወርቁ ዛሬ ጠዋት እንኳ፣ ጥፊ ሊያርፍበት ሲል፣ ጠባቡ ክፍተት የሰካራም ስህተት ነው ብሎ ያምን ነበር። ይህን መሳቢያ እሱ አልሰቀለውም። የሰቀለው ድንበሩን የሚያውቅ ነው። ያ ሰው ደግሞ መብራት በሌለበት ሸማ ተራ በኤሌክትሪክ ግድግዳ ስበሳ ዋልኩ ይላል።

ስልኩን ከኪሱ አወጣ። የበፍቃዱን ቁጥር አገኘው። «ተው» ማለት ብቻ ነው የሚቀረው።

አውራ ጣቱ ቁልፉ ላይ እንዳለ አሰበ። ደምመላሽ ጄኔሬተር ነበረኝ ቢልስ? የቀዳዳ ጉዳይ ለዳኛ ቢነገር ማን ይሰማል? ደምመላሽ ካላመነና የወርቁንም ምርመራ ካስቆመ፣ ማታ ኮማንደሩ ፊት ባዶ እጁን ሊቆም ነው፤ ነገ መዝገብ ቤት። ከጣቢያ ግን አንድ ቃል ተቀምጦ ቢጠብቀው፣ የቱም ቢሆን ባዶ እጁን አይቀርም። ይህን ለማሰብ አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀበትም። ስልኩን መልሶ ኪሱ ከተተ።

ከዚያ ፈገግ አለ።

«ጨረስኩ» አለ። «አደጋ ነው።»

ደምመላሽ ቀና አለ። «አደጋ?»

«ኢንጂነሩ ራሱ ነው የሰቀለው። እትዬ ከፍ አድርጉ አሉት፣ እሑድ መጥቶ ከፍ አደረገ፤ ግድግዳውን ማሰር ረሳ። እንዲህ ያለ ሥራ ደግሞ ከማን ይጠበቃል? እየው፣» መብራቱን ኬብሉ ላይ አበራ፤ «የተማረ እጅ ያስታውቃል። ዲግሪ ማለት ይሄ ነው። ወርቁ ሲሠራ ታየዋለህ፣ ግፋ ቢል ብረት መቆልመም ነው። አንተም እንግዲህ ተሸካሚ ነህ፣ አይፈረድብህም።»

ደብተሩን አውጥቶ እየተናገረ ጻፈ። «ይህ መሳቢያ... በሟች በኢንጂነር ኃይለየሱስ እጅ... በከፍተኛ ሙያ የተሰቀለ መሆኑን... አረጋግጣለሁ። እዚህ ላይ ፈርምልኝ። ወርቁ ይፈታል፣ አንተም ቤትህ ትሄዳለህ።»

ብዕሩን ሰጠው። ደምመላሽ ተቀበለ። ወረቀቱን ሁለቴ አነበበው። ነጻ የሚያወጣው ወረቀት ነው፤ ሞኝ እንኳ ይፈርመዋል። ብዕሩ ግን ወረቀቱ ላይ አልወርድ አለ።

«ምነው? አትጽፍም እንዴ?»

«በከፍተኛ ሙያ የሚለውን ይሰርዙት።»

«ለምን? እውነት አይደለም? እኔ እንዲህ ያማረ ሥራ በዓይኔ አላየሁም። አፈሩ ይቅለለውና ሰውዬው ጌታ ነበር።»

«እሱ?» የደምመላሽ ድምፅ ተሰነጠቀ። «እሱ ጌታ? ቡሎን ወደ ቀኝ ዞሮ እንደሚጠብቅ ያሳየሁት እኔ ነኝ! ከዩኒቨርሲቲ ሲመጣ ፒንሳ በየት በኩል እንደሚያዝ አያውቅም ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሰቀልኩ፣ አሥራ አንድ ዓመት አሰርኩ፤ እሱ ማታ መጥቶ በሩ ላይ ‹ኢንጂነር ኃይለየሱስ› የሚል ወረቀት ይለጥፍበታል። አሁንም የሱ ሥራ ነው? ይሄም?»

«ታዲያ የማን ነው?»

«የኔ ነዋ!» ደረቱን መታ። «ይሄ የኔ እጅ ነው! ሁለት መቶ ኪሎ ብቻዬን አውጥቼ ሚዛኑን ያልሳተ ሐዲድ የዘረጋሁት እኔ ነኝ! በአንድ ጣት ቢስቡት ይመጣል! እሱ ይህን ይሰቅላል? እሱ!»

ከላይ የጋሽ ኃይሌ ሳል ብቻ ይሰማል። ደምመላሽ ያለውን የሰማው ካለው በኋላ ነው። ቦርሳውን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ።

«ዛሬ ጠዋት ካሜራው የጠፋውስ?» አለ አሸብር፣ ድምፁን ሳያነሳ።

«አንድ ሽቦ አላልቼ ሄጄ ነበር። ጋሽ ኃይሌ ደወሉልኝ። ሥራ ላይ ነኝ፣ ለኢንጂነሩ ይደውሉ አልኳቸው።» ላቡን በክንዱ ጠረገ። «አንዴ እንኳ እኔ የሰቀልኩትን በገዛ እጁ ይሳበው ብዬ ነው።»

«ወርቁን ሲወስዱት አይተሃል።»

«አየሁ።»

«ዝም አልክ። ሰውዬው ምን እንደሚደረግ ታውቃለህ አይደል?»

ደምመላሽ የአሸብርን የኮት ኪስ አየ። «አውቃለሁ። እርስዎም ያውቃሉ። ስልኩን አውጥተው መልሰው የከተቱት ለምንድን ነው?»

አሸብር ካቴናውን አጠለቀለት። ከሚገባው በላይ አጠበቀው።

ጣቢያ ሲደርሱ አሥራ አንድ ሰዓት አልፏል። በፍቃዱ ሁለት ገጽ ወረቀት እያውለበለበ በሩ ላይ ተቀበላቸው።

«አመነ! ከነዝርዝሩ! ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መጣሁ ይላል፣ በትከሻዬ ገፍቼ ጣልኩበት ይላል። ፈርሟል።»

«በትከሻው?»

«እኔ ነኝ በትከሻህ ነው ወይ ያልኩት። አዎ አለ።» ከዚያ ካቴና የገባለትን ደምመላሽን አየ። «ይሄኛው ደግሞ ምን አድርጎ ነው?»

ወረቀቱ ሥር ያለው ፊርማ ፊደል አይመስልም፤ የሚርመሰመስ ነገር ነው። አሸብር የጓዳውን በር ከፈተ። ወርቁ መሬት ላይ ተቀምጧል። ጠረጴዛው ሥር ከባድ የብረት ወንበር አለ፤ ከፊት እግሩ ሥር ሲሚንቶው ረጥቧል። በፍቃዱ ወንበሩን የሰውዬው ጣቶች ላይ አቁሞ፣ እላዩ ላይ ቁጭ ብሎ ነበር ቃሉን የጻፈው። በቀኝ እጁ መፈረም ስላልቻለ በግራ አስፈርሞታል። ሲጨርስ መስመር መዝለሉን አይቶ እንደገና ገልብጦታል፤ ስለዚህ ሁለቴ ተቀምጦበታል።

ኮማንደሩ ሁለቱን ቃል ጎን ለጎን አስቀምጦ አየ።

«ለአንድ ሬሳ ሁለት ገዳይ? የብረት ሠሪውን ቅደደው። እንዳልተያዘ ነው፤ ለምስክርነት ተጠርቶ ነበር በለው።» ከዚያ የደምመላሽን ቃል አንስቶ ፈገግ አለ። «የቀዳዳው ነገር ግን ግሩም ነው። ይህንን ለበላይ እኔው ራሴ እጽፈዋለሁ። ሳይንሳዊ ምርመራ የሚባለው ይሄ ነው። አንተ ሂድና ሰውዬውን ሸኘው።»

አሸብር ለአንድ አፍታ ቆመ። ስሙ የትኛው መስመር ላይ እንደሚገባ መጠየቅ ፈልጎ ነበር። አልጠየቀም። ከጠረጴዛው ላይ የመልቀቂያ ቅጹን አነሳ፤ «ምንም ጉዳት ሳይደርስብኝ ወጥቻለሁ» የሚል ነው። ጓዳ ገብቶ የወርቁን የግራ አውራ ጣት ቀለም አስነክቶ ወረቀቱ ላይ ራሱ ተጫነው። ወርቁ እጁን እንደ ሌላ ሰው ዕቃ ለቀቀለት።

ማሚቱ በሩ ላይ ነበረች። ምሳ ዕቃው አልተከፈተም። ባሏን ስታይ መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ቀኝ እጁን አየችው። ጣቶቹ የት ጀምረው የት እንደሚያልቁ አይለይም።

«ምን ሆነ? እጁን ምን አደረጋችሁት?»

በፍቃዱ ጫማውን ማየት ጀመረ።

«በር ነው» አለ አሸብር። «በር ያዘው።»

«በር?» ነጠላዋን አውልቃ እጁን መጠቅለል ጀመረች። «ወርቁ፣ እውነት በር ነው የያዘህ? ለኔ ንገረኝ። በር ነው?»

«አዎ» አለ ወርቁ ወዲያው። «በር ነው።»

«የትኛው በር?»

ወርቁ የትኛው እንደሆነ እንዲነግረው ወደ ኢንስፔክተሩ ዞሮ ጠበቀ።